ሐዋሳ ከርሜ መጣሁ፦ ባጃጁ፣ ዓሣው እና የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ

የምኖረው ካናዳ ነው፤ ዘመዶቼ ያሉት ሐዋሳ ነው። አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ሆቴሉና ስለ ሐይቁ ያወራል። እኔም ትንሽ ስለ እነሱ እላለሁ። ዘንድሮ ግን ጊዜዬንም ገንዘቤንም የበላው የላፕቶፕ ጥገና ነው። ስለዚህ ዋናው ወሬዬ እሱ ነው።

ቶሎ የሚያልቁትን ላስቀድም። ከአዲስ አበባ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው፤ ተነሣ ሲሉት ያርፋል። በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካልቸኮላችሁ በመኪና ሂዱ፤ ባቱን፣ አርሲ ነገሌን እያዩ መውረድ ራሱ ዕረፍት ነው። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃል። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን «ኮንትራት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻንጣ ይዞ ዝም ብሎ የገባ ሰው ኮንትራት እንደያዘ ነው የሚቆጠረው። ሆቴሌ ንጹሕ ነበር፤ ሠራተኞቹም ሰው ያከብራሉ። ዋይፋዩ ግን ማታ ማታ ስሙ ብቻ ነው። ስልኬ ላይ ዳታ ሞልቼ ተገላገልኩ። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ያው አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ሂዱ። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች እግር ሥር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፤ ሰው መፍራት ከተዉ ቆይተዋል። ጥብሱ አንደኛ ነው። ጥሬውን ለለመደው ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ።

የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ ናት። ላፕቶፗ ስላሽ፣ ማለትም ሰው የተጠቀመበት ሆኖ የተገዛ አሮጌ ዴል ላቲቲዩድ ነው። ሲበራ ቡና ተወቅጦ አቦል እስኪቀርብ ድረስ ያስጠብቃል። ፋይል ስትከፍት ስታክ ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አላት ወይ ብላችሁ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ይህ ድምፅ ቀልድ አይደለም። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የላፕቶፕ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ከሳህኑ በላይ ሳይነካው የሚንሳፈፍ ማንበቢያ አለ። ማንበቢያው የሚፈልገውን ሲያጣ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደገና ይሞክራል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ያኔ ነው። እንዲህ የጀመረን ዲስክ ደጋግሞ ማብራት ጨርሶ መግደል ነው። «አጥፊው፣ ሁለተኛ እንዳትነኪው» አልኳትና ወደ ፒያሳ ወጣን።

ከቤት ስንወጣ «አጎቴ፣ አንተ ዝም ብለህ ቁም። አፍህን ከከፈትክ የዲያስፖራ ዋጋ ነው የሚነግሩን» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እውነቷን ነው። ቆምኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያምራል። መስታወት፣ መብራት፣ መደርደሪያው ሙሉ ነው። ሻጩ ላፕቶፑን አልከፈተም፤ ሞዴሉንም አልጠየቀም። ከመደርደሪያ አንድ ትንሽ ሳጥን አውርዶ «ይሄ 16 ቴራ ኤስኤስዲ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይበቃሻል» አላት። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህን የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ነው። የሳጥኑ ዋጋ ከጎኑ ካለው ባለ 500 ጊጋ ያንሳል። ይህን ስሰማ ዝምታዬ አበቃ። አንድ ቴራ 1,000 ጊጋ ነው፤ 16 ቴራ ከ500 ጊጋ ረከሰ ማለት ውስጡ 16 ቴራ የለም ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ሳጥኖች ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የስልክ ሜሞሪ ካርድ የተሰካበት ትንሽ ሰሌዳ ነው። መቆጣጠሪያው ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ «16 ቴራ» ብሎ ያምናል። ፋይል ስትጭኑም እሺ ይላል። እውነተኛው መጠን ሲሞላ ግን አዲሱ የድሮውን እየደመሰሰ ይሄዳል፤ ወይም ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀራል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሰው የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ሻጩም አያስታውሰውም።

ማወቂያው ቀላል ነው። ኤችቱቴስት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫነው በሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ዲስኩን እስከ አፉ ይሞላውና መልሶ ያነበዋል። የጻፈውና ያነበበው ካልገጠመ ዕቃው ፎርጅድ ነው። «እዚሁ እንሞክረው?» ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ጊዜ የለንም» አለኝ። እኛም የለንም ብለን ወጣን።

ሁለተኛው ቤት ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ ናት፤ ለሁለት ደንበኛ ወንበር የላትም። ጠጋኙ የእህቴን ልጅ አልፎ እኔን «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ የራሱን በርጩማ ሰጠኝና መጀመሪያ ያነሣው ካቻቪቴ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰውየውን ያመንኩት በዚህ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሆድ በእስክሪብቶ ሳለ። የፈታውን እያንዳንዱን ብሎን ሥዕሉ ላይ ከወጣበት ቦታ አስቀምጦ በፕላስተር ለጠፈው። አጭሩ ከረጅሙ አይደባለቅም። ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ ገብቶ ቦርድ የበሳበት ላፕቶፕ ስንት ነው! ባትሪውን ከነቀለ በኋላ ነው ዲስኩን የነካው።

ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ገመድ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። ዴስክቶፕ ጎኑ አለ፤ ለምን በእሱ አልሠራም ብዬ ሳስብ መብራት ሄደ። መልሱ ይኸው። በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ኮፒ ማድረግ ያቋረጠው የለም።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ቢጫ ማስጠንቀቂያ አለ። ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን፣ ማለትም የዲስኩን ትናንሽ ክፍሎች፣ ቁጥር በጣቱ አሳያት። ዲስኩ በሕይወቱ ስንት ሰዓት በርቶ እንደሠራም እዚያው ተጽፏል። ስላሽ ለሚገዛ ሰው ይህ ቁጥር ወርቅ ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ ሺህ ሰዓታት ካሳየ አዲስ አይደለም። ቁጥሩን ዜሮ የሚያደርጉ አጭበርባሪዎችም ስላሉ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ግን ብዙውን ሌባ ይይዛል።

«ስለ አዲሱ በኋላ እናወራለን፤ መጀመሪያ የመመረቂያሽን ፎልደር እናውጣ» አላት። ጽሑፉ ወጣ። ፎቶዎቹም አብዛኞቹ ወጡ። ፊልሞቹን «ይቅሩ» ብላ ራሷ ተወቻቸው። ለዚህ ሥራ ብቻ ማንኛውንም ዋጋ ቢጠራ እከፍል ነበር። ይህን አለመናገሬ ግን የእህቴን ልጅ አስደስቷታል።

አዲሱን ዲስክ መምረጥ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ምርጫው የሚጀምረው ከገንዘብ አይደለም፤ ከላፕቶፑ ሆድ ነው። የእሷ ላፕቶፕ የሚቀበለው ሳታ በሚባለው መሰኪያ የሚገባ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ነው። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም ዶት ቱ የሚባለው ለአዳዲሶቹ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ሳታ፣ ሌላው ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ። ሁለቱ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ አንዱን የሚቀበል ላፕቶፕ ግን ሌላውን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ሳታስከፍቱ አትግዙ። ውፍረትም አለ። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ 9.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ኤስኤስዲ 7 ነው። ቀጭኑ ሰፊው ቦታ ላይ ሲገባ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን የሚይዝ ፕላስቲክ ይደረግበታል። ወፍራሙ ግን ጠባቡ ውስጥ አይገባም።

ፍጥነቱስ? የድሮው የሚሽከረከረው በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ቢያነብ ነው። ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ገደማ ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ 3,500 ቢልም መሰኪያው ለሌለው ላፕቶፕ ምን ይሠራል? ደግሞ ሰው የሚሰማው ልዩነት ቁጥሩ ላይ አይደለም። ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህን ስለሌለው የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ወዲያው ያገኛል። አሮጌ ላፕቶፕ ነፍስ የሚዘራው ለዚህ ነው። በባጃጅ ጉዞ ቦርሳ ውስጥ ሲንገጫገጭም አይጎዳም።

መጠኑ ላይ ተከራከርን። እሷ 1 ቴራ ፈለገች። እኔ 500 ይበቃሻል አልኩ፤ ጠጋኙም አገዘኝ፤ ውዱን መሸጥ ሲችል። ከሳጥኖቹ መካከል ሳምሰንግ 870 ኢቮ ነበረው። ባለ 500 ጊጋው እስከ 300 ቴራባይት ድረስ ቢጻፍበት ኩባንያው ዋስትና ይሰጣል፤ ወይም 5 ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፍበት እንኳ 300 ቴራ ለመሙላት 40 ዓመት ያልፋታል። «ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚሉትን አትስሟቸው። ሳምሰንግም ፎርጅድ ስላለው የኩባንያውን የራሱን ፕሮግራም ጭኖ ዕቃው ትክክለኛ መሆኑን ፊታችን አረጋገጠ። ዊንዶውስ ላይ 465 ጊጋ ብቻ ሲታይ «ጎደለ!» ብላ ደነገጠች። አልጎደለም። ኩባንያው በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

የታመመውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ አልገለበጠውም። በሽታውን ይዞ እንዳይመጣ ዊንዶውስ ከአዲስ ጫነ። አንድ ቅሬታ እዚህ አለኝ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ከማይክሮሶፍት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ የእሷ ፕሮሰሰር ደግሞ ለዊንዶውስ 11 በይፋ ከተፈቀዱት ውስጥ የለም። ይህን ሳይነግራት 10ሩን ዝም ብሎ ሊጭን ነበር። ስንነጋገር ሊኑክስም እንደሚጭን ነገረን። እሷ የለመድኩት ይሻለኛል አለች፤ መጨረሻ ላይ ዕቃው የእሷ ነው።

ሌሎች ጉድለቶችም ነበሩ። «ነገ ጠዋት» ያለው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ደረሰኝ የሰጠን ስንጠይቅ ነው። ዋስትናውን በእጁ ጻፈልን፤ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለተቃጠለ አይሠራም የሚል መስመር ጨምሮበት። ሐዋሳ ላይ ይህን መስመር መጨመር ዋስትናውን ግማሽ መብላት ነው። ተከራክሬ አላሸነፍኩም፤ ስታቢላይዘር ገዛሁላት።

ዋጋውን አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ እናንተ እስክታነቡት ተቀይሯል። የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ እንዲነግሯችሁ ግን ጠይቁ። እኛ ተለያይቶ ስለተነገረን ከእጁ ላይ አልቀነስንም፤ ከዕቃው ላይ ትንሽ ቀነሰልን። ክፍያው በቴሌብር አለቀ።

ከውጭ ይዤ ብመጣስ ለምትሉ፦ ይሻላል፣ ርካሽም ነው፣ ከታወቀ ሱቅ ከሆነ ስለ ፎርጅድ አትጨነቁም። ቀድማችሁ ግን የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው ላይ፣ ከተቻለም የተከፈተውን ሆዱን ፎቶ አስነሥታችሁ አስልኩ። ያዘው ብለው የሚልኩላችሁ «ኤስኤስዲ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ከሆነ አትግዙ። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ ከጠጋኙ ተቀበሉ። እኛን «ለመለዋወጫ ይጠቅመኛል፣ ልያዘው?» ብሎ ጠይቆናል። በክፋት አልነበረም። ግን የልጅቷ ፎቶዎችና ደብዳቤዎች እዚያ ውስጥ አሉና አይሆንም አልነው፤ እሱም ሳይቀየም በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን።