ባት ሲጨመደድ ምን ልግዛ? የ20 ብሩ ፓኬትና የ4,200 ብሩ ብልቃጥ

እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ሲጮኽ ገና ሳላነሳው ጥያቄውን አውቀዋለሁ። እንጦጦ ሲሮጥ ያረፈደ ወዳጅ ባቱን ይዞ «የትኛው ማግኒዚየም ይሻላል?» ይለኛል። የሚገዛው ማግኒዚየም የተባለውን ማዕድን ኪኒን መሆኑን አስቀድሞ ወስኗል። እኔም እንዲሁ ወስኜ አንድ ዓመት ሙሉ ከፍዬበታለሁ።

ፍርዴን አልደብቅም። ከረጅም ሩጫ ወይም ከሙቀት ሥራ በኋላ ለሚኮማተር ጡንቻ ኦ አር ኤስ ግዙ። አዎ፣ ሕፃን ሲያስቀምጠው የሚሰጠው ያው ፓኬት። መጨረሻ ስገዛ ሃያ ብር ነበር። በየእሑዱ አንድ ብጠጣ በዓመት 1,040 ብር ይመጣል፤ የአንዱ የማግኒዚየም ብልቃጥ ሩብ ማለት ነው።

ብልቃጡ ላይ በትልቁ «ማግኒዚየም ግላይሲኔት 500 ሚሊግራም» ይላል። 120 ኪኒን በ4,200 ብር፣ አንዱ 35 ብር። ግላይሲኔት ማግኒዚየም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር የተጣመረበት ዓይነት ነው፤ ውስጡ ግን ማግኒዚየሙ ራሱ 14 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 500 የተባለው ኪኒን 70 ሚሊግራም ይሰጣል። 200 ሚሊግራም ያህል ለማግኘት በቀን ሦስት መዋጥ አለብኝ፤ በቀን 105 ብር፣ ብልቃጡም በአርባ ቀን ያልቃል። ይህን ያወቅኩት ሁለተኛውን ብልቃጥ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ማግኒዚየም ካልገዛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ለሚል፣ ውኃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟውን እመክራለሁ። ሃያው በ640 ብር፣ አንዱ 32 ብር፣ ማግኒዚየሙ ደግሞ 250 ሚሊግራም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከማግኒዚየም ካርቦኔትና ከሎሚ አሲድ ስለሆነ ብርጭቆው ውስጥ ሲፈላ ሲትሬት ወደሚባለው የማግኒዚየም ዓይነት ይለወጣል፤ ሰውነትም በደንብ ይቀበለዋል። መቶ ሚሊግራሙ 13 ብር ያህል ይወጣል፤ የብልቃጡ 50 ብር ነበር። ስትገዙ ቱቦውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ኪኒኖቹ አብጠው ከተጣበቁ እርጥበት ገብቷቸዋል፣ አይፈሉም።

ከሁሉም ርካሹ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ነው፤ መቶው ኪኒን በ900 ብር። ግማሽ በላዩ ንጹሕ ማግኒዚየም ስለሆነ ቁጥሩ ያማልላል። አንጀት ግን ብዙውን አይቀበለውም፤ የቀረው ሆድ ያላላል። እናቴ ሌሊት ባቷን እየያዛት ስትነሳ ይህንኑ ገዝቼላት ነበር። በሳምንቱ፣ «ልጄ፣ ይህ ኪኒን ሆዴን ነው የሚያውቀው፤ እግሬን አያውቀውም» አለችኝ። በኋላ ሐኪሙ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጠየቃት። የደም ግፊት ኪኒኗ የሚያሸና ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለው ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከሽንት ጋር ጠርጎ ያወጣል። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሟ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ሌሊቱም ሰላም ሆነ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ማግኒዚየም በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ከጡንቻ መኮማተር ይህ ነው በሚባል ደረጃ የሚከላከል አይመስልም ብሏል። ስፖርት ለሚያመጣው መኮማተር ደግሞ የሚመዘን በቂ ሙከራ እንኳን አላገኘም።

ስለ አስመሳዩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን አመጣችልኝ። ሲያልቅ ያንኑ ዓይነት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ በ2,600 ብር አገኘሁና እሰይ ብዬ ገዛሁ። ቤት ስገባ ባዶውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። የአዲሱ የማብቂያ ቀን በአውራ ጣቴ ስነካው ተፋፋቀ። ከክዳኑ ሥር ያለው ብርማ ሽፋን ጠርዙ ላይ የሙጫ ጠብታ ነበረው። ከፊተኛው የተረፈች አንዲት ኪኒንና ከአዲሱ አንዷን በየብርጭቆው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጣልኳቸው። የፊተኛዋ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ፈራርሳ እንደ አጥሚት ሆነች። ሌላዋ ጠዋት ስነሳ ከብርጭቆው ሥር እንደ ጠጠር ተኝታ ጠበቀችኝ።

ሃያ ብሩ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ላብ በዋናነት ውኃና ጨው ነው፤ ማግኒዚየሙ ኢምንት ነው። በ1920ዎቹ የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በሙቀት ውስጥ ሲያልባቸው ውለው ንጹሕ ውኃ ብቻ ሲጠጡ ጡንቻቸው ይኮማተር ነበር፤ ውኃው ላይ ጨው ሲጨመር ተሻላቸው። ዱባይ ግንባታ ላይ ለሚሠራው ወንድሜ የመከርኩትም ይህንኑ ነው። የፓኬቱ ቀመር ለአንድ ሊትር ሶዲየም ክሎራይድ (የምግብ ጨው) 2.6 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5፣ ሶዲየም ሲትሬት 2.9፣ ግሉኮስ 13.5፣ በድምሩ 20.5 ግራም ነው። ውድ የሆነው ባለቀለም የስፖርተኛ መጠጥ ሶዲየሙ የዚህ ሩብ ያህል ነው፤ የቀረው ስኳርና ማስታወቂያ።

ስትገዙ ለስንት ሊትር እንደሆነ አንብቡ፤ የሊትሩን በግማሽ ሊትር የበጠበጠ ወዳጅ ሲያስመልሰው ውሏል። ዱቄቱ ነጭና ልቅ ይሁን፤ ከረጋ ወይም ቡናማ ካለ መልሱት። ተበጥብጦ ሲቀመስ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም። ለእናንተ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ጥቁር ካናቴራ ለብሳችሁ ሩጡ፤ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ከቀረ ጨው እየከሰራችሁ ነው። የአንድ ሊትሩ ሶዲየም ግን 1.7 ግራም ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ በሙሉ ከሚመክረው ከ2 ግራም በታች ብዙም አይርቅም። ደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ኩላሊቱን የሚታመም ደግሞ ፓኬቱንም ኪኒኑንም ሳይጠይቅ አይንካ።

አንድ ነገር ልመን። ታላቁ ሩጫ ላይ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ጋ ባቴ ሲጨመደድ ጥፋቱ የጨው አልነበረም። ቀኑ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከልምምዴ በላይ ፈጥኜ ነው የተነሳሁት። የደከመ ጡንቻ በራሱ ይኮማተራል፤ ይህን የሚፈታ ፓኬት የለም። ጉልበትን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ዋጋው ባዶ።

ለማግኒዚየሙ ደግሞ መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 180 ሚሊግራም ያህል አለ፤ በጤፍም ዋጋ ቢሆን ከብልቃጡ ይረክሳል። የአስመሳዩን ብልቃጥ እናቴ ወሰደችው፤ ጥቁር አዝሙድ አድርጋበታለች። ክዳኑ ጥሩ ነው፣ አየር አያስገባም።