ሦስት ጊዜ «አይሆንም» ላለኝ ባለሙያ

14 ዓመት ያገለገለች መኪናዬ መሪዋ እጅ ማቆሸሽ ከጀመረ ሰነባብቷል። ነጭ ሸሚዝ በለበስኩ ቁጥር የእጅጌዬ ጫፍ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ አገኛለሁ። በግራ እጄ የምይዘው ቦታ ቆዳው ተልጦ ስፖንጁ ብቅ ብሏል፤ ቀኙ ግን ያብረቀርቃል። እኔ ማብረቅረቁን እንደ ጤንነት ቆጥሬው ነበር። ለካስ በላብና በእጅ ቅባት የተፋቀ ቆዳ ነው እንዲያ የሚያበራው። ይህን የነገረኝ ዛሬ የማመሰግነው የታፒሰሪ፣ ማለትም የመኪና ወንበርና መሪ ቆዳ የሚያለብስ፣ ባለሙያ ነው።

ወደ እርሱ የሄድኩት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የመሪ ልብስ ገዝቼ ነው። «አልብስልኝ» አልኩት። አጠለቀውና በሁለት እጁ ጨብጦ ጠመዘዘው። ልብሱ ዞረ፤ መሪው ባለበት ቀረ። «ልጅ ዘሎ መንገድ ሲገባብህ እንዲህ ቢሆንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

«እንግዲያው ቀለም ቀባው» አልኩ። ይህንንም እምቢ አለ። ቀለም የሚይዘው ቆዳው ሳይቀደድ ቀለሙ ብቻ ሲለቅ ነው፤ ስፖንጅ በታየበት ቦታ ላይ ቢቀባ ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቃል።

ሥራውን የጀመረው የባትሪውን ገመድ በመንቀል ነው። ከዚያ ቁጭ አለ። ምን እንደሚጠብቅ ብጠይቀው በኤርባጉ (በግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ ተነፍቶ ሾፌሩን በሚከላከለው ከረጢት) መስመር ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ መሆኑን ነገረኝ። መሪውን ከመንቀሉ በፊት መሪውና ዘንጉ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ፤ ሲመለስ እንዳይጣመም። አሮጌውን ቆዳ በስፌቱ በኩል ፈትቶ ለአዲሱ መቁረጫ ልክ አደረገው፤ የጎደጎደውን ስፖንጅም ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለ። አዲሱን ቆዳ ተወጥሮ እንዲቀመጥ ትንሽ አሳንሶ ቆረጠው።

ስፌቱን ግን ቆሜ ነው ያየሁት። አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፤ ከግራና ከቀኝ እየተሻገሩ፣ እያንዳንዱ ጥልፍ እየተሳበ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና የሰፋውን መልሶ ፈታው። ምንም ጉድለት አልታየኝም። «ዓይንህን ጨፍነህ በአውራ ጣትህ ዳስሰው» አለኝ። ከፀጉር የማትወፍር ሽብሽብ ነበረች።

ሲያምርብኝ ጊዜ መሀሉንም፣ የክላክሱን ክዳን፣ በዚያው ቆዳ እንዲሸፍንልኝ ለመንኩት። ሦስተኛው አይሆንም እዚህ ላይ መጣ። ከክዳኑ ሥር ኤርባግ አለ፤ ክዳኑም በግጭት ጊዜ በተወሰነለት መስመር ተቀድዶ እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ነው። በላዩ የሚለጠፍ ቆዳ ያንን ያደናቅፋል። ያዘዙትን ሁሉ የሚለጥፍ ሠራተኛ ቢያጋጥመኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ ከፍዬ እሄድ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ለግማሽ ቀን ብሎ ሙሉ ቀን አስቀምጦኛል። ማታ ሞተሩን ሳስነሳ የኤርባጉ መብራት በርቶ ጠፋ፤ መሪው ቀጥ ብሏል። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዳጸዳው፣ የሚያብረቀርቅ ቅባት እንዳላስነካው፣ እጄን በአልኮል ካሸሁ እስኪደርቅ ሳልጨብጥ እንድቆይ አስጠንቅቆ ሸኘኝ።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ትቼዋለሁ። መሪው የተላጠበት ሰው ግን ይጠይቀኝ፤ ራሴ አገናኘዋለሁ። የገዛሁት ልብስ ከመኪናው ኋላ ተጥሎ ይገኛል፤ ለሰው እንዳልሰጠው ጠላት የለኝም።