ሁለተኛው ሎተሪ፦ የዲሲን ነፃ ፕሪኬ ሁለት ዓመት ተጠቅመን እንዳየነው

በሕይወቴ ሁለት ሎተሪ ወጥቶልኛል። አንደኛው ዲቪ ነው። ሁለተኛው ልጄ 3 ዓመት ሊሞላት ስትል የደረሳት የትምህርት ቤት ዕጣ ነው። ባለቤቴ እልል ያለችው በሁለተኛው ነው። በዲቪው ጊዜ የትኬት ብር ከማን እንበደር እያልን ስለነበር እልልታው ትዝም አላለን።

ዲሲ ያለ አበሻ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳን "ልጃችሁን የት አስገባችሁ?" ሳይል አይነሳም። ለአንዱ ስመልስ ለሌላው ስደግም ሰለቸኝ፤ አንዴ ጽፌው ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄን ልላክ ብያለሁ። ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 4 እሰጣለሁ። አንዷ ለምን እንደጎደለች እደርስበታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚኖር ሰው ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት ከሞላው፣ ቦታ ካገኘ፣ በመንግሥት ወይም በቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር) በነፃ ያስተምራል። የመጀመሪያው ዓመት ፕሪኬ 3፣ ቀጣዩ ፕሪኬ 4 ይባላል። ገቢህ ስንት ነው የሚል የለም። የመኖሪያ ፈቃድ አሳይ የሚልም የለም። የሚፈለገው የከተማው ነዋሪ መሆንህን የሚያስረዳ ወረቀት ነው። ለሁሉም እንዲዳረስ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2008 የከተማው ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ነው፤ ሕጉን ይዞ የተሟገተው ያኔ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ የነበረው፣ ኋላ ከንቲባ የሆነው ቪንሰንት ግሬይ ነው።

ከዚያ በፊት ልጄ ከ8 ወሯ ጀምሮ የምትውለው ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር የከፈተች አንዲት እናታችን ጋር ነበር። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ማዕከል ሄደን ጠይቀን ነበር፤ በወር 2,100 ዶላር ሲሉን ባለቤቴ በአማርኛ "እሱን ቤት እንከራይበታለን እንጂ" ብላኝ ወጣን። እቴቴ በሳምንት 350 ተቀበለችን። እሱም ቢሆን የባለቤቴን የሆቴል ደሞዝ ከግማሽ በላይ ይበላው ነበር። ትሥራ ወይስ ቤት ትቀመጥ እያልን ስንት ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀምጠናል።

ስለ እቴቴ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ይከብደኛል። ሰው "ቤት ቁጭ ብላ ልጅ ትጠብቃለች" ይላል። ሴትየዋ ግን ፈቃድ አላት፣ ተቆጣጣሪ ሳይነግራት ይመጣባታል፣ ፈተና ለመውሰድ በስተእርጅና ማታ ማታ ስታጠና መነጽሯ ግንባሯ ላይ ቀርቶ "መነጽሬን አያችሁት?" ስትል አግኝቻታለሁ። ከተማው በ2022 እንደሷ ላሉ የሕፃናት ተንከባካቢዎች ከ10,000 እስከ 14,000 ዶላር የደሞዝ ማካካሻ መክፈል ሲጀምር፣ ገንዘቡ የመጣው ገቢያቸው ከ250,000 ዶላር በላይ በሆነ ሰዎች ላይ ከተጨመረ ግብር ነው። እቴቴ ይሄን ስትሰማ ምን አለች? "እነሱም ልጆቻቸውን ሰው ነው ያሳደገላቸው።"

ወደ ሎተሪው ልመለስ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ለፕሪኬ የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫህ ቅደም ተከተል ትሞላለህ። ቀድሞ መሙላት ጥቅም የለውም፤ መጨረሻ ቀን ማታ የሞላና በመጀመሪያው ቀን የሞላ እኩል ናቸው። ወንድም ወይም እህት እዚያው ካለች ቅድሚያ አለ፣ ሰፈርህ ያለ ትምህርት ቤትም ቅድሚያ ይሰጥሃል። አንዳንድ አበሻ "ሁለተኛ ብዬ የሞላሁትን አይሰጡኝም" ብሎ የሚፈልገውን ትቶ የሚያገኘውን አንደኛ ያደርጋል። ተሳስቷል፤ በልብህ የምትወደውን ከላይ ጻፍ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዕቁብ ቢሆን ዘግይቶም ይደርስሃል፤ የመጨረሻው ዕጣ እንኳን ብሩ ያው ነው። ይሄ ግን ዕጣው ካልወጣልህ ልጅህ 5 ዓመት ሞልቶት ኪንደርጋርተን እስኪገባ ቦታ ይሰጠኛል ብለህ መከራከር አትችልም። ጎረቤታችን ያለች የጎንደር ልጅ 12 ሞልታ ከ12ቱም ተጠባባቂ ሆነች። እኛ አራተኛ ምርጫችንን አገኘን። ሁለታችንም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው።

የአማርኛ ነገር ሳልረሳ። ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ አስፈላጊ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ መብት ነው። ጠይቁ። ትርጉሙን ግን እንግሊዝኛውን አጠገቡ አድርጋችሁ አንብቡት፤ እኔ የደረሰኝ አንድ ወረቀት ላይ የልጆች የቀን እንቅልፍ "የሸለብታ ሰዓት" ተብሎ ነበር፣ ባለቤቴ እስከዛሬ እኔ ሶፋ ላይ ሳንቀላፋ "አቶ ሸለብታ" ትለኛለች።

ኦገስት ላይ መምህራኑ ደውለው ቤታችሁ መጥተን እንተዋወቅ አሉ። ለግማሽ ሰዓት። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ አበሻ ቤት ግማሽ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ ከዋዜማው ዶሮ ሠራች፣ ፈንዲሻ አፈነዳች፣ ረከቦት ዘረጋች። ሁለት ሆነው መጡ፤ አንዷ ዕድሜዋ ገፋ ያለ የሰፈሩ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሌላዋ ገና ወጣት ረዳት። ወጣቷ ሥጋ አትበላም። ዶሮው ሳይነካ ቀርቶ ለቡና ቁርስ የተቀመጠው ቆሎ አለቀ።

ሁለት ነገር ጠየቁን። አንደኛ፣ "ለልጃችሁ ምን ትመኛላችሁ?" እኔ እንደማንኛውም አበሻ አባት "ዶክተር" አልኩ። ባለቤቴ ቀስ ብላ "እንዳትፈራ" አለች። መምህሯ የባለቤቴን ጻፈች፤ የኔን መጻፏን አላየሁም። ሁለተኛ፣ ልጅቷ እንግሊዝኛ ስለማትችል ቢያንስ የምንግባባበትን አምስት ቃል ስጡን አሉ። ውሃ፣ ሽንቴ፣ አመመኝ፣ ይበቃኛል፣ እማዬ ትመጣለች። በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ካርዱን የክፍሉ በር አጠገብ ለጠፉት። በመጀመሪያው ቀን ልጄ እግሬን ይዛ ስትጮህ ትልቋ መምህር ተንበርክካ "እማዬ ቲመቻላች፣ እማዬ ቲመቻላች" ስትላት ሰማሁ። እናቷ ሳትሆን አባቷ ነበርኩ የሄድኩት፣ ግን ማን ያርማታል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ኡበሩን ሳልከፍት ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

እኔ ያደግኩት ደጀን ነው። የኔታ ዘንድ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ እያልን በስንደዶ ፊደል እየጠቆምን፣ ከተሳሳትን ኩርኩም እየቀመስን። የኔታን ሰፈሩ ነበር የሚያኖራቸው፤ እህል የሚሰፍርም፣ እንጀራ የሚልክም ነበር፣ ልጅ የሌለው ቤትም ጭምር። ስለዚህ ኖቬምበር ላይ መምህሯን "ኤቢሲዲ መቼ ነው የምትጀምሩት?" ብዬ ጠየቅኳት፤ ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ከአሸዋና ከውሃ በቀር ያመጣችው ወሬ አልነበረም። ቆይተህ እይ አለችኝ። አንድ ጠዋት ቆየሁ።

16 ሕፃናት፣ ሁለት አዋቂ። ቁርስ አብረው ይበላሉ፤ ወተቱን እያንዳንዱ ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ራሱ ይቀዳል፣ የፈሰሰበት ራሱ ይወለውላል። ውሃ ገንዳው ላይ ልጄና አንድ ልጅ ቆመዋል። ትልቁን ጆግ በትንሿ ኩባያ ለመሙላት ስንት ይፈጃል የሚል ክርክር ይዘዋል፤ እሷ በአማርኛ "አራት" ትላለች፣ እሱ በስፓኒሽ ይቆጥራል። ስድስት ሆነ። መምህሯ መልሱን አልነገረችም፤ "ኩባያዋ ብታንስስ?" ብላ ሄደች። ከዚያ ቀይ መኪና ላይ ጠብ ተነሳ። መምህሯ ልጆቹን አልተቆጣችም፤ የአሸዋ ሰዓት አምጥታ መሃላቸው አስቀመጠች። አሸዋው እስኪያልቅ የአንዱ ተራ፣ ሲገለበጥ የሌላው። ያለቀሰው ልጅ ዓይኑን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ጠበቀ። የሦስት ዓመት ልጅ ጠበቀ። እኔ በ41 ዓመቴ መብራት ላይ ቀድሞኝ የገባን ሹፌር መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ።

ኤቢሲዲውን በሁለተኛው ዓመት ራሷ ጠየቀች፤ ስሟን መጻፍ ፈልጋ።

አሁን ወደ ጠቡ። ድሮ አብረን ፓርኪንግ የሠራን አንድ ጓደኛዬ አለ፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ሚስትም ልጅም የሌለው። "የኔ ታክስ ለናንተ ልጆች አሸዋ መግዣ ይሆናል" ይለኛል። እድር ስንት ዓመት ከፈልክ አልኩት። 12 ዓመት። ከቤትህ ሰው ሞቶ ያውቃል? እግዜር ይጠብቅህና አልሞተም። ታዲያ ለምን ትከፍላለህ? ዝም ይላል ብዬ ነበር። "ሞት ለሁሉም ነው፤ ልጅ ግን ለሁሉም አይደለም" አለኝ። ቀልቤን ገፈፈው። ለሳምንት መልስ ፈለግሁ።

መልሱ ቤቴ ነበር። ልጃችን ፕሪኬ በገባች በሁለት ወሯ ባለቤቴ የረዳት ነርስነት ኮርስ ጀመረች፤ ለእቴቴ ይሄድ የነበረው ብር ነው የከፈለላት። አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በቀን ፈረቃ ትሠራለች። አንድ ማታ ጫማዋን እያወለቀች "ዛሬ ያጠብኳቸው ሽማግሌ ጠያቂ የላቸውም፣ ልጅም አልወለዱም" አለችኝ። ጓደኛዬን ያን ማታ ደወልኩለት። ልጄ አሸዋ ላይ ባትውል ኖሮ ሽማግሌውን ማን ያጥባቸው ነበር? ከባለቤቴ ደሞዝስ የሚቆረጠው ታክስ ከየት ይመጣ ነበር? አልተቀበለኝም፤ "እናያለን" ብሎ ዘጋው። ያም ቢሆን የኔ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሴንተር ፎር አሜሪካን ፕሮግረስ የሚባል የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ጥናት ትንንሽ ልጆች ካሏቸው የዲሲ እናቶች ሥራ ላይ ያሉት ወይም ሥራ የሚፈልጉት በ2008 ከነበረበት 65 በመቶ ወደ 76 በመቶ ገደማ ወጥተዋል፣ አብዛኛው ጭማሪ ከፕሪኬው ጋር የተያያዘ ነው ይላል። ሚሺጋን ውስጥ ከ1962 ጀምሮ 123 ልጆችን ይዘው፣ ገሚሱን አስተምረው፣ ከ40 ዓመት በኋላ የተማሩት የተሻለ ደሞዝ እንዳላቸውና እስር ቤትም ያነሰ እንደገቡ ያሳዩ አሉ። ጥሩ ነው። እኔ ግን 40 ዓመት መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ በሁለት ሳምንቱ የደሞዝ ወረቀት ላይ አየሁት።

አንዷ ኮከብ። ትምህርት 3፡15 ከሰዓት ላይ ያበቃል። የማን ሥራ ነው በ3፡15 የሚያበቃው? ከትምህርት በኋላ ማቆያ አለ፣ ግን የኛ ትምህርት ቤት ምዝገባውን በስልክ ከፍቶ እኔ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጫንኩ ሳለሁ በደቂቃዎች ሞላ። ዓመቱን ሙሉ ያጣነውን ሰዓት እቴቴ ናት የሸፈነችልን፤ ትምህርት ቤት ሄዳ የምታመጣትም እሷ ነበረች። በረዶ ጣለ ብለው ሁለት ሰዓት ዘግይተው የሚከፍቱበትን ቀንማ አታንሱብኝ።

ሌላው ቋንቋው ነው። ገና ሳይደርስ "አባዬ" ቀርቶ "ዳዲ" ሆንኩ። ይሄን በትምህርት ቤቱ ላይ አልጭንም፤ እነሱ አምስት ቃል ለጥፈዋል፣ እኛ ቤት ውስጥ የለጠፍነው አልነበረም። አሁን ቅዳሜ ፊደል እናስቆጥራታለን። ስንደዶ የለም፣ በቾፕስቲክ ነው የምትጠቁመው።

ከዲሲ ወጣ ብላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላላችሁ፦ እዚያ በዋናነት የሚታየው ገቢ ነው፣ ዲሲን ያህል ሰፊ አይደለም። የዘመድ አድራሻ ይዛችሁ ዲሲ ልትሞሉ ያሰባችሁ ተዉት፤ ያጣራሉ፣ ሲደረስባችሁ የትምህርት ክፍያውን ያስከፍሏችኋል።

ታናሹ ልጃችን ደግሞ ኦክቶበር 4 ነው የተወለደው። ከሴፕቴምበር 30 በአራት ቀን አልፎ። እህቱ እዚያው ስላለች ቅድሚያ ያገኝ ነበር፤ በአራት ቀን ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። ለእቴቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች፦ "ይሄን እንኳን ለኔ ተዉልኝ እንጂ!"