የ1991 ሴሊካዬ ኤሲ፣ የናዝሬት ሙቀት ላይ 8 ወር ከሰራ በኋላ

ጥቅምት ላይ ነው ያሰራሁት አሁን ሰኔ ገብቷል፣ በጋውን አብሮኝ ስላለፈ በድፍረት ማውራት እችላለሁ። መኪናዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ በፈረንጅ የ1991፣ ባለ 1600 ሲሲ፣ ያቺ መብራቷ ከኮፈኑ ላይ ብድግ የሚለው። ይዣት ሳልፍ የሰፈር ልጆች "ዓይኗን ግለጣት!" እያሉ ይሮጣሉ፣ እኔ ደሞ ውስጥ ሆኜ ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል፣ መስኮት ከከፈትኩ አቧራው ከዘጋሁ ሙቀቱ። የናዝሬትን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለተርባይኖቹ እንጂ ለኛ አልተፈጠረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረኩት ነገር ቢኖር ጋዝ ማስሞላት ነው። "ጋዙ አልቋል" ይሉኛል፣ እሞላለሁ፣ ሶስት ሳምንት ይበርዳል፣ ከዛ ተመልሶ የምድጃ አየር። እኔም እንደ ቤንዚን የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ዝግ ሲስተም ነው፣ ካነሰ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው በቃ። የባሰው ደሞ ሴሊካዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የምትሰራው በአር 12 ነበር፣ እሱ ኦዞን ይጎዳል ተብሎ በፈረንጅ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ቀስ በቀስ የቀረ ጋዝ ነው፣ እና ሰዎቹ ምንም ሳይቀይሩ በሱ ቦታ የተተካውን አር 134ኤ ጋዝ ከላይ ይሞሉበት ነበር። የድሮው የኮምፕሬሰር (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ፓምፕ) ዘይት ደሞ ከ134ኤ ጋር አይዋሃድም፣ ጋዙ ይዞት አይዞርም፣ ዘይቱ አንድ ጥግ ይተኛል ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይሽከረከራል። የኔው እስካሁን ነክሶ አለመቆሙ ተአምር ነው።

በመጨረሻ ሰው የጠቆመኝ አንድ ሽማግሌ የኤሲ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ጋዝ ሳይሆን መጀመሪያ ቀለም ነው የጨመሩበት፣ በዩቪ ባትሪ ሲበራበት አረንጓዴ የሚያበራ። "ለሁለት ቀን ንዳትና ማታ አምጣት" አሉኝ። ማታ ስመጣ መብራት ጠፍቷል፣ እሳቸው ግን "ጥሩ ሆነ፣ ጨለማ ነው የምንፈልገው" ብለው ባትሪዋን ይዘው ከፊት ተንበረከኩ፣ የኮንደንሰሩ (ከፊት ሆኖ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጪ የሚያወጣው) ታችኛው ጥግ እንደ ድመት ዓይን አረንጓዴ በራ። ድንጋይና ጭቃ ሲመታው የኖረው ቦታ ነው። ደግሞ ድራየሩን፣ እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዘውን ጣሳ፣ ፈትተው ሲገለብጡት የወጣው ነገር የቡና አተላ በሉት።

ስለዚህ የተቀየረው፦ ኮንደንሰር፣ ድራየር፣ ጉሚኒዎቹ በሙሉ (ጥቁሮቹ ወጥተው ለ134ኤ የሚሆኑት አረንጓዴዎቹ)፣ ኤክስፓንሽን ቫልቭ (ጋዙን እየመጠነ ወደ ማቀዝቀዣው የሚለቀው)። ቧንቧው ታጥቦ የኤስተር ዘይት ገባ። ኮንደንሰሩን ሶማሌ ተራ ሶስት ቀን ዞሬ ነው ያገኘሁት፣ የሴሊካ አይደለም፣ የትም የሚገጠም ዓይነት ነው፣ ግን ዋናው ነገር አሰራሩ ነው፤ የድሮው እንደ እባብ የሚጠማዘዝ አንድ ቱቦ ሲሆን ይሄኛው ጋዙን በብዙ ቀጫጭን ቱቦ ጎን ለጎን ያሳልፋል። 134ኤ ግፊቱ ሙቀት ላይ ከአር 12 ስለሚበልጥ የድሮው ኮንደንሰር በደንብ አያቀዘቅዘውም። መያዣው ግን አልገጠመም፣ ብረት ተቆርጦ ተበይዶ ነው የቆመው። ሂሳቡን አልናገርም፣ አራት አዲስ ጎማ ገዝቼ የሚተርፈኝ ነበር።

ቫኪዩም ሲደረግ፣ ማለትም ከጋዙ በፊት የውስጡ አየርና እርጥበት በፓምፕ ሲመጠጥ፣ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጌጁ 24 ተኩል ኢንች አካባቢ ደርሶ ቆመ፣ ረዳቱ ልጅ "ጋሼ ፓምፑ ደክሟል፣ ዩቲዩብ ላይ 29 ነው የሚገባው" አለ። ጋሼ ሳቁ፣ "ይሄ ናዝሬት ነው፣ ጅቡቲ መሰለህ እንዴ?" ለካ ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ክብደት ራሱ ያነሰ ነው፣ ጌጁ ከዛ በላይ ሊሄድ አይችልም፣ አዲስ አበባ ቢሆን ደሞ ከዚህም ያንሳል። ለ45 ደቂቃ ዘግተው ተውት፣ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም፣ የሚያፈስ ቦታ የለም ማለት ነው። ከዛ ጋዙ በሚዛን ገባ፣ ከድሮው መጠን 85 በመቶ ገደማ፣ በደብተራቸውም ጻፉት። በግምት የሚሞላ ሰው ጋ ሁለተኛ አልሄድም።

ውጤቱን በቴርሞሜትር ነው የምነግራችሁ። ውጪ 31 ዲግሪ ሆኖ መንገድ ላይ ስነዳ ከመሃሉ ቀዳዳ 9 ዲግሪ ይወጣል፣ ድሮ 20 ነበር። ስቆም ግን፣ ባጃጅ መሃል ስገባ ማለቴ ነው፣ ወደ 16 ይወጣ ነበር፣ ስለዚህ ህዳር ላይ ከኮንደንሰሩ ፊት ተጨማሪ ፋን አስገጠምኩ፣ አሁን ቆሜም ከ11 አያልፍም። ለኔ ከሁሉም ገንዘቡን ያወጣው ፋኑ ነው፣ ናዝሬት ውስጥ የሚነዳ ሰው ከሁሉ በፊት እሱን ያስብ።

ያበሳጨኝም እሱው ነው። የገጠመልኝ ኤሌትሪሻን ከድሮው ቀጭን ሽቦ ላይ ቀጥሎት ኖሮ መጋቢት ላይ ወደ መተሃራ ስሄድ ወለንጪቲን እንዳለፍኩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ፋኑ ቆመ፣ ኤሲው ሞቀ፣ ኮፈኑን ስከፍት የሪሌው መቀመጫ እንደ ሻማ ቀልጧል። አሁን ከባትሪ በቀጥታ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና ባለ 30 አምፔር ሪሌ አለው፣ ዳግም አላስቸገረኝም። ሌላው ደሞ ሞተሯ 1600 ስለሆነች በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ስወጣ ኮምፕሬሰሩ ሲገባ እግሬ ስር ይታወቀኛል፣ ለመቅደም ስፈልግ አጠፋዋለሁ። አቧራውም ኮንደንሰሩን ስለሚደፍነው በወር አንዴ ቀስ ባለ ውሃ አጥበዋለሁ፣ በሃይለኛ ፓምፕ ካጠባችሁት ክንፎቹ ይተኛሉ።

ባለፈው እሁድ ለማየት ያህል ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ጌጁ ዝቅተኛው 35 ከፍተኛው 220 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ቀኑ ስለሞቀ ከጥቅምቱ ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ ያው ነው፣ በ8 ወር ውስጥ ምንም ጋዝ አልጨመርኩም። ደብተራቸውን ከደን አድርገው "እንግዲህ ጋዝ ሙሉልኝ ብለህ እንዳትመጣ" አሉኝ።