ዳማ፦ በቆርኪ ወይስ በስልክ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጠዋት ጓንት አውልቆ ስልክ መነካካት ጣት ያደነዝዛል፤ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይደክማል። ቆርኪ ግን በጓንትም ይገፋል። ካርቶን ላይ 64 ቤት ይሰመራል፤ 12 ቆርኪ ፊቱ፣ 12 ደግሞ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራል፤ ዳር ደርሶ የነገሠው ሌላ ቆርኪ ይደረብበታል።

ለብቻ ለመለማመድ ስልኩ ይሻላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለቱም ካልተሳሳቱ የእንግሊዞቹ ዳማ (ቼከርስ) በእኩል እንደሚያልቅ በኮምፒውተር አረጋግጠዋል፤ ከማሽን መማር አያሳፍርም።

እኔ ግን ቆርኪውን እመርጣለሁ። ስልክ ላይ የተሸነፈ ሰው ጨዋታውን ዘግቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ከጀርባ የቆመው ጋቢ ለባሽ «ብላው እንጂ!» ይላል፤ የተበላው ቆርኪ መዳፌ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ልቤ ይሞቃል። የተሸነፈውም ቦታውን ለተረኛው ለቅቆ፣ አጠገቡ ቆሞ ይመክራል።