የኔማቶድ ፓኬት ስትገዙ ቁጥሩን ተዉት፣ ቀኑን እዩ

ሜሪላንድ ውስጥ ሣር ያለው ሰው ሁሉ የጃፓን ጢንዚዛን ያውቀዋል። እጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው ልጁ፣ ከአፈር በታች የሣሩን ሥር ይግጠዋል፤ ሣሩም እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል። ለዚህ መድኃኒት ከሚሸጠው፣ ኔማቶድ ከሚባለው ደቃቅ ትል ባለ 5 ሚሊዮኑን ፓኬት አስመጣሁ። ባለቤቴ ከንጥር ቅቤው ጎን ትል አይቀመጥም ብሎ ቢከራከርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሲታይ እርጥብ ዱቄት ነው። ሄቴሮራብዳይቲስ የሚባሉት እነዚህ ትሎች አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ከእንቁላል ወጥተው ካደጉ በኋላ ሦስተኛው የእጭነት ደረጃ ላይ እድገታቸውን ገትተው ቆመዋል። አፋቸው ዝግ ነው፤ አይበሉም፣ አይዋለዱም፣ ያከማቹትን ስብ ብቻ እየቆጠቡ ይጠብቃሉ። የጢንዚዛ እጭ ሲያገኙ ሰርገው ይገቡና የተሸከሙትን ባክቴሪያ ይለቁበታል፤ በ2 ቀን ገደማ ይሞታል። ያን ጊዜ ያቋረጡትን እድገት ይቀጥላሉ፣ ይበላሉ፣ ይራባሉ። ምግቡ ሲያልቅ ልጆቻቸው እንደገና አፋቸውን ዘግተው ወደ አፈር ይወጣሉ።

ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሣል። ስብ ስንቃቸው ከሆነ፣ ሙቀት ስንቁን ቶሎ ይጨርሰዋል። ሻጩ ግን 5 ሚሊዮን የሚለውን በትልቁ አትሞ፣ የማብቂያውን ቀን ከእጥፋቱ ሥር ደብቆታል። በስስ ፖስታ ነው የላከው፤ በረዶውም ቀልጦ ደረሰ። ቁንጥር ወስጄ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨመርኩና በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ ብዙዎቹ ይጥመለመላሉ፣ ቀጥ ብለው የቀሩት ግን ሞተዋል። ከአራት አንዱ ያህል ነበር። ለደብዳቤዬ የመጣው መልስ «የቀሩት ይበቃሉ» የሚል ነው። እኔ የከፈልኩት ግን ለቀሩት ብቻ አልነበረም።

የደረሱት ግን ሥራቸውን ሠርተዋል። ፀሐይ ስለምትገድላቸው አመሻሽ ላይ፣ የውሃ ማጠጫውን ወንፊት አውጥቼ፣ ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ አፈሰስኳቸው፤ ከዚያም ሣሩን ደጋግሜ አጠጣሁ። ኋላ ስቆፍር ያገኘኋቸው እጮች ነጭነታቸው ጠፍቶ ጡብማ ቀይ ሆነዋል። የምድር ትሎቹ ደህና ናቸው።

ለትሎቹ ከ5 ኮከብ 4፣ ለሻጩ 2። መግዣው ጊዜ እጩ ገና ትንሽ ሳለ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ነው። ክንፍ አውጥቶ ጽጌረዳ ላይ ለሚያርፈው ጢንዚዛ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ እሱን ጠዋት ጠዋት በእጅ እየለቀሙ የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ መጨመር ነው።