ከረጢቱ ሲሞላ የምትነግረኝ መሣሪያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

አንጀቴ ተጠማዞ በድንገት ኦፕሬሽን ከሆንኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀጭኑ አንጀቴ በሆዴ በኩል ወጥቶ ከረጢት ተገጠመልኝ። ሐኪሞቹ ኢሊዮስቶሚ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ቀጭን ሰገራ ይወጣል፣ በፈቃድ አይያዝም፣ ስቶማው (ሆዴ ላይ የወጣው የአንጀቱ ጫፍ) ደግሞ ሲነኩት ሕመም እንኳ አይሰማውም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሌሊት ሌሊት እየባነንኩ ከረጢቱን በእጄ እየዳበስኩ ነው ያነጋሁት።

መስከረም ላይ የአክስቴ ልጅ ከለንደን ስትመጣ ይህችን መሣሪያ ይዛልኝ መጣች። ከረጢቱ ላይ በውጭ በኩል እንደ መቆንጠጫ ትያያዛለች። ከረጢቱ ሲነፋ በብሉቱዝ ለስልኬ ትናገራለች፣ ስልኩ ይነዝራል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሠሩት አንዱ ማይክል ሴረስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እሱ ራሱ በ2011 እ.ኤ.አ. የአንጀት ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ከረጢት ይጠቀም ነበር። ያንን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ የደረሰበት ሰው ነዋ የሠራው።

ሲሶው ሲሞላ እንድትጠራኝ አድርጌያታለሁ፤ ከግማሽ ካለፈ ክብደቱ ከቆዳዬ ጋር የሚይዘውን ማጣበቂያ ይጎትተዋል። አሁን እንቅልፍ እተኛለሁ። ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ሰው መሐል ተጣብቄ ቆሜ ስልኬ ነዘረ። ለወንድሜ ምልክት ሰጠሁት፣ መንገድ እያስለቀቀ አወጣኝ፣ ነጭ ቀሚሴ ጠብታ ሳይነካው ጎረቤት ቤት ደርሼ ደፋሁት። ካቻምና ቢሆን ተራ ነገር ነበር። ዘንድሮ ግን ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ችግሯ ጾም ሲገባ ወጣ። አየርና ሰገራ መለየት አትችልም! በዐቢይ ጾም ሽሮና ባቄላ ስበላ ከረጢቱ በጋዝ ይነፋል፣ እሷም ትጠራኛለች፣ ስነቃ ባዶ አየር። አንድ ሌሊት አራት ጊዜ ቀሰቀሰችኝ። ሽሮውን ወደ ምሳ አዙሬ ማታ ማታ ሩዝ ወይም ድንች መብላት ስጀምር ቀለለልኝ። መቀነትም ከረጢቱ ላይ ጠበቅ ካለ ታሳስታለች፤ ከጎን ላላ አድርጌ ነው የማስረው።

ስልኬ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ እያለ አፑን ዝም ብሎ ይዘጋው ነበር፣ አንድ ሌሊት አንሶላዬ እስኪርስ አላወቅኩም። ሴቲንግ ገብቼ ቁጠባውን ካጠፋሁላት ወዲህ አልደገመም። መብራት ስለሚጠፋ ፓወር ባንክ ከአልጋዬ አይለይም።

ከማጣበቂያው ሥር የሚያፈተልከውን ግን አታውቅም። ቆዳው ሲያሳክክና ሲያቃጥል እሷን ሳትጠብቁ ማጣበቂያውን ቀይሩት። የማጣበቂያውን ቀዳዳም ከስቶማው በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍታችሁ ቁረጡ፣ ስቶማው ከኦፕሬሽን በኋላ እየጠበበ ስለሚሄድ ደጋግማችሁ ለኩት። እኔ ይህን እስክማር ቆዳዬ ተላልጦ ነበር።

ብትበላሽ ሌላ እገዛለሁ? አዎ። ግን እዚህ ጎንደር ከረጢቱ ራሱ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም ውድ ነው። ሰው ሲሄድላችሁ አስቀድማችሁ ከረጢትና ማጣበቂያ አስመጡ፤ መሣሪያዋ ገንዘብ ከተረፈ ትድረስ።